በሆድ ያለ ሕፃንና የጠላ ጣሳ

ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ ይገኛል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች የተጠለሉበት ጣቢያ አለ። በዙሪያው ደግሞ ማሽላና በቆሎ እየዘሩ፣ ከብት እያረቡ የሚኖሩ ገበሬዎች አሉ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ገበሬዎቹን ፊደል እንዳስተምር ተመድቤ እነሱ ዘንድ ሰነበትሁ። የምንማረው ወደ ማታ፣ ሥራ ሲያበቃ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቀረና ደቦ ሆነ። የአንድ ተማሪዬ ማሳ የሚታረምበት ቀን ነው። እኔም መኮትኮቻ ይዤ ወጣሁ። ስለ አኮታኮቴ ባላወራ ይሻላል፤ ሴቶቹ ሲስቁብኝ ዋሉ። ፀሐይዋ ስትከር ጠላ መጣ። በዚያ አገር ጠላ የሚጠመቀው ከማሽላና ከበቆሎ ነው። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ከተማሪዎቼ አንዲቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጣሳው ሲደርሳት ተቀብላ ጠጣች።

እኔም፣ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ባትጠጪ ይሻላል» አልኋት።

ሁሉም ዝም አለ። እሷም ጣሳውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና፣ «መምህር፣ ታዲያ ምን ልጠጣ? ውኃውን? የታላቅ እህቴን ዓይን ቢጫ ያደረገው ውኃው ነው። እሷም ነፍሰ ጡር ነበረች» አለችኝ።

አንዲት አሮጊትም ቀጠል አደረጉና፣ «ልጄ፣ እኔ ሰባት ወልጃለሁ። በሰባቱም እርግዝና ጠጥቻለሁ» አሉ። የማሳው ባለቤት ደግሞ፣ «አረቄ ከሆነ ልክ ነህ፤ ጠላ ግን ምግብ ነው» አለ።

እኔ ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም። በተለይ ለመጀመሪያዋ። አፍሬ ወደ ኩትኳቶዬ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን መመለስ ያቃተኝን ነው።

መጀመሪያ መጠጡ ወደ ሕፃኑ እንዴት እንደሚደርስ እንይ። ሰው ሲጠጣ መጠጡ ሆድ ውስጥ ብቻ አይቀርም። በጠላ፣ በጠጅ፣ በቢራና በአረቄ ውስጥ የሚያሰክር አንድ ነገር አለ። ስሙ አልኮል ይባላል። አልኮሉ ከሆድ ወደ ደም ይገባል፤ ደም ደግሞ በሰውነት ሁሉ ይዞራል። ሰው ሲሰክር ምላሱ የሚተሳሰረው፣ እግሩም የሚወላገደው አልኮሉ በደም ተጉዞ አንጎል ስለደረሰ ነው።

ነፍሰ ጡር ስትጠጣ ግን ደሟ ሌላም የሚሄድበት ቦታ አለው። በማኅፀኗ ውስጥ እንግዴ ልጅ አለ። ሕፃኑ በእትብቱ ከእንግዴ ልጁ ጋር ተያይዟል። የማሽላ ተክል በሥሩ ከመሬት እንደሚመገብ ሁሉ ሕፃኑም በእትብቱ ከእናቱ ይመገባል። እንግዴ ልጅ ብዙ ነገር ያጣራል። አልኮልን ግን ማገድ አይችልም። ስለዚህ እናት ከጠጣች ትንሽ ቆይቶ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው አልኮል በእናቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። እሷ ሞቅ ሲላት እሱንም ሞቅ ይለዋል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። የእናት ጉበት የበሰለ ስለሆነ አልኮሉን ቀስ በቀስ አቃጥሎ ያስወግደዋል። የሕፃኑ ጉበት ግን ገና ያልጠነከረ ነው፤ ይህን ሥራ አይችለውም። አልኮሉ ሕፃኑ በሚንሳፈፍበት የሽርት ውኃ ውስጥም ይቆያል፤ ሕፃኑም ውኃውን መልሶ ይውጠዋል። እናት ተኝታ ስትነሣ ስካሯ ለቋት ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ግን ገና አልለቀቀውም።

አሁን የማሳው ባለቤት ወዳለው እንምጣ። ጠላ ምግብ ነው? እህሉ ምግብ ነው። በውኃ ተበጥብጦ አጥሚት ቢሆን፣ ወይም ገንፎ ቢሆን ኖሮ ምግብነቱ ሳይጎድል ይገኝ ነበር። ጠላ ሲሆን ግን ከእህሉ ጉልበት አንዱ ክፍል ወደ አልኮል ይለወጣል። «ጠላ ቀላል ነው፣ አረቄ ከባድ ነው» የሚለውን ደግሞ በሒሳብ እንፈትሸው። መደመርና ማባዛት ለገበያ ብቻ አልተማርንም።

ጠላ እንደ ጠማቂዋ ይለያያል። ከመቶ እጅ 2 የሚሆን አልኮል ያለው አለ፤ 6 የሚደርስም አለ። መካከለኛውን እንያዝና 4 ነው እንበል። አረቄም ይለያያል፤ 40 ነው እንበል። እዚህ ላይ «ይኸው፣ አረቄው አሥር እጥፍ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን አረቄ በመለኪያ፣ ጠላ በጣሳ እንደሚጠጣ አትርሱ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ 500 ሚሊ ሊትር ነው። በየ100ው 4 ካለ፣ በ500ው 20 አለ። የአረቄ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። በየ100ው 40 ካለ፣ በ50ው 20 አለ።

20 እና 20። አንድ ጣሳ ጠላና አንድ መለኪያ አረቄ ያላቸው አልኮል እኩል ነው። በደቦ ቀን ሦስት ጣሳ የጠጣች ነፍሰ ጡር ሦስት መለኪያ አረቄ የጠጣችውን ያህል ነው። ይህን ሒሳብ በሰሌዳው ላይ በኖራ ስሠራው የማሳው ባለቤት ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሦስተኛውን ራሱ ሠራው።

ታዲያ አልኮሉ ሕፃኑን ምን ያደርገዋል? ፅንሱ በተፀነሰ በሦስት ሳምንት ገደማ ልቡ መምታት ይጀምራል። በዚያ ሰሞን ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። የወር አበባ ዘገየ ብለው ይጠብቃሉ እንጂ። ልብ፣ ፊት፣ እጅና እግር የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። አንጎል ግን ዘጠኙን ወር ሙሉ ይሠራል። አልኮል የሚያበላሸውም በጊዜው የሚሠራውን ነው። የጎጆ ምሰሶ ሲተከል የመጣ ጎርፍ ምሰሶውን ያናጋል፤ ክዳኑ ሲከደን የመጣው ክዳኑን ያፈርሳል። አንጎል ግን ሁልጊዜ ገና እየተሠራ ያለ ቤት ነው።

ስለዚህ ከጠጪ እናቶች ፅንስ ሊጨነግፍ ይችላል። ያለ ጊዜው ሊወለድ፣ ሞቶም ሊወለድ ይችላል። በደህና ቢወለድ እንኳ ክብደቱ ትንሽ፣ ጭንቅላቱም አነስ ያለ ሊሆን ይችላል። ጡት የመሳብ ኃይል ያንሰዋል። አንዳንዱ የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ሲያድግ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ያወቀውንም ይረሳል፤ ይቁነጠነጣል። ከብት ጠብቅ ሲሉት ከብቱን ረስቶ ይሄዳል። አባቱ ሰነፍ ነው ብሎ ይገርፈዋል። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል። ልጁ ግን ሰነፍም የተረገመም አይደለም፤ አንጎሉ በማኅፀን ሳለ ተጎድቶ ነው። ይህ ጉዳት በመድኃኒት አይድንም። በትዕግሥት የያዙት ልጅ ግን ብዙ ነገር መማር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ትምህርት የሚከብደውን ልጅ ሁሉ አይታችሁ «እናቱ ጠጥታ ነው» እንዳትሉ። ምጥ ሲረዝም፣ እናት በወባ ስትታመም፣ ረሃብ ሲኖር፣ አዮዲን ያለው ጨው ሲጠፋም ልጅ ይጎዳል። ይህን የምጽፈው እናት ላይ ጣት እንዲቀሰር አይደለም።

የመጠጥን ጉዳት ሰው የጠረጠረው ከጥንት ነው። ሐኪሞች በግልጽ የጻፉት ግን በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ለሟን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ናንት በምትባል ከተማ ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን መርምረው ጻፉ። ብዙ ሰው አላነበበውም። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ጆንስና ስሚዝ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ተመሳሳይ ነገር አዩ። ከጠጪ እናቶች የተወለዱት ልጆች ዘራቸው የተለያየ ነው፤ መልካቸው ግን ይመሳሰላል። የዓይናቸው ክፍት ጠባብ፣ የላይኛው ከንፈራቸው ቀጭን፣ በአፍንጫና በከንፈር መካከል ያለው ሸንተረር የጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተጠንቷል። እስከ ዛሬ ግን «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የተባለ ልክ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ምክር ጨርሶ እንዳይጠጡ ነው።

ከሁሉ የነካኝ ግን የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ነው፤ የገበሬ ታሪክ ስለሆነ። በኬፕ አካባቢ ሰፋፊ የወይን እርሻዎች አሉ። የእርሻዎቹ ባለቤቶች ለሠራተኞቹ የሥራቸውን ዋጋ በከፊል በወይን ጠጅ ይከፍሏቸው ነበር። ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ማታ አንድ እያሉ ይቀዱላቸዋል። ሥርዓቱ «ዶፕ» ይባል ነበር። ሕግ ከከለከለውም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ቆየ። ወንዱም ሴቱም፣ ነፍሰ ጡሯም እየጠጡ ሠሩ። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን በቤት ውስጥ ሥር ሰድዷል። ዛሬ በማኅፀን ሳሉ በአልኮል የተጎዱ ልጆች በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዙባቸው ቦታዎች አንዱ ያ አካባቢ ነው።

ይህን ሳነብ ያ ደቦ ትዝ አለኝ። የኛ ደቦ እንደዚያ አይደለም፤ ጌታ የለበትም፤ ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ ነው። ቢሆንም ስትሠራ የዋለች ነፍሰ ጡር የሚደርሳት ጣሳ ነው። ሌላ የሚጠጣ ነገር ካልቀረበላት «አልጠጣም» ብትል ውኃ ጥም ሊገድላት ነው። ጥፋቱ ታዲያ የማን ነው? ደቦ የጠራው ሰው ጠላውን ሲያስጠምቅ ውኃም አጥሚትም ማሰናዳት ነበረበት እላለሁ። ይህ የኔ ሐሳብ ነው።

የአሮጊቷ ነገርስ? «ሰባት ወልጃለሁ» ያሉት። ከጠጣች እናት የተወለደ ልጅ ሁሉ ይጎዳል ያለ የለም። ባሮን ዋኝቶ የተሻገረን ሁሉ አዞ አይበላውም። ብዙዎች ተሻግረዋል። ግን የተሻገሩት ሰዎች አዞ የለም ብለው መመስከር ይችላሉ? ይህን ስነግራቸው ሳቁና፣ «አዞውንስ አውቀዋለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ከሰባቱ ሁለቱ ሳይራመዱ እንደሞቱ ነገሩኝ። በምን እንደሞቱ እሳቸውም አያውቁም። እኔም በመጠጥ ነው አላልሁም። በወባ አገር ሕፃን የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው።

ከወባ ጋር ሌላም የሰማሁት አለ፤ አረቄ ወባን ያባርራል የሚል። አያባርርም። ወባን የሚያመጣት ትንኝ ናት። ነፍሰ ጡር አጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ትኩሳት ሲሰማት ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ። አረቄው ትኩሳቱን አስረስቶ ጊዜዋን ይበላባታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ወደ ውኃው ልመለስ። ያቺ ተማሪዬ ስለ እህቷ የተናገረችው ትክክል ነበር። ከ2006 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ በሌችዎር፣ በኩሌና በትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያዎች ዓይን የሚያበጭ የጉበት በሽታ ገብቶ ነበር። ሰዎች የወፍ በሽታ ይሉታል፤ ሐኪሞች ሄፓታይተስ ኢ ይሉታል። ከ1,000 በላይ ሰዎች ምልክቱ ታየባቸው፤ የሞቱም አሉ። በሽታው የሚተላለፈው የሰው ዓይነ ምድር በነካው ውኃ ነው። ሌላው ሰው ብዙውን ጊዜ ታሞ ይድናል። ነፍሰ ጡርን ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ይህን ያየች ሴት ውኃ ፈርታ ጠላ ብትመርጥ ሞኝ አይደለችም። እኔ ነበርሁ ሞኝ፤ «አትጠጪ» ብዬ ምን እንደምትጠጣ ያልነገርኋት።

ስለዚህ ስለ ውኃው ልንገራችሁ። በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚሳብ ውኃ ወደ ከተማዋና ወደ መጠለያ ጣቢያዎቹ በቧንቧ ይመጣል። ቧንቧ የሚደርስበት ሰው ከዚያ ይቅዳ። የማይደርስበት የወንዙን ውኃ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ፣ እስኪንተከተክ ያፍላው፤ ከዚያ ከድኖ ያቀዝቅዘው። ማገዶ ካጠረ እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ በላዩ እንደተጻፈው መጠን ይጨምርበት። አሁን ማንበብ ስለምትችሉ መጠኑን ከዕቃው ላይ ራሳችሁ አንብቡት። የታከመውን ውኃ በጠባብ አፍ ጀሪካን አስቀምጡት፤ እጅ የገባበት ጣሳ አይነከርበት። ወተት ያለው ሰውም ወተቱን አፍልቶ ለነፍሰ ጡሯ ይስጣት። ጉልበት የሚሰጣት እሱ ነው።

ጠላ ጠምቀው ስለሚሸጡ ሴቶችም ማንሣት አለብኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እናቴ ጎጃም ውስጥ ጠላ ሻጭ ናት። ደብተሬ የተገዛው፣ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ የተሳፈርሁበት፣ ሁሉም በጠላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ጠላ መጥመቅ ይቅር» አልልም፤ ብልም ማን ይሰማኛል? ግን ጠማቂዋ ነፍሰ ጡር ስትሆን ሁለት ነገር ታድርግ። አንደኛ፣ ደረሰ አልደረሰ ብላ ራሷ አትቅመስ፤ ሌላ ሰው ያቅመስላት። አንድ ጉንጭ ትንሽ ናት። ግን በቀን አምስት ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ገንቦ ስታወጣ ስንት ጉንጭ ይሆናል? አስሉት። ሁለተኛ፣ አረቄ የምታወጣ ከሆነ እሳቱ ሥር አጎንብሳ አትዋል። ጭሱም ለብቻው ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ክብደቱን ይቀንሰዋል።

ባሎችም ይህን አንብቡ። ሚስት ብቻዋን ተው ስትባል ባል አጠገቧ ተቀምጦ «እንካ፣ ቅመሺ» የሚል ከሆነ የሚሆን ነገር የለም። የሚቻለው ባል ዘጠኙን ወር አብሯት ይተው። የማይቻለው ቢያንስ እሷን አያስቀዳት።

ከዚህ በፊት ጠጥታ የነበረችውስ? ያቺ ተማሪዬ ይህን ጠይቃኛለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስድስት ወር ጠጥቻለሁ። አሁን ብተው ምን ይጠቅማል? ያለፈው አለፈ።» አንጎል ዘጠኙን ወር ሙሉ ይሠራል ያልሁት ለዚህ ነው። በሦስተኛው ወር የተወች ከስድስተኛው ይሻላታል። በስድስተኛው የተወችም ካልተወችው ይሻላታል። ሕፃኑ የሚቀረውን ሦስት ወር በንጹሕ ደም ያድጋል። ጡት በምታጠባበት ጊዜም አልኮሉ ወደ ወተቱ ስለሚገባ እንደተወች ትቆይ። ጠላ ወተት ያመጣል የሚባለውም አይደለም፤ ወተት የሚያመጣው ምግብና ውኃ፣ የሕፃኑም ደጋግሞ መጥባት ነው።

አንዳንድ ሴት ግን በየቀኑ አብዝታ ስትጠጣ ኖራ በድንገት ብታቆም እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ያልባታል፤ አንዳንዴም ያንዘፈዝፋታል። ይህ ሲሆን ብቻዋን አትታገል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያ ሳታፍር ትንገር። በሐኪም እየተረዳች ትተወዋለች። የጤና ባለሙያም የሚጠይቃት ሊረዳት ነው።

ሁለተኛው ደቦ የተጠራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። የማሳው ባለቤት ሌላ ሰው ነው። ጠላው እንደ ልማዱ መጣ። ከጎኑ ግን ሁለት ጀሪካን የታከመ ውኃና አንድ ድስት የማሽላ አጥሚት ነበር። ወንዶቹ «የነፍሰ ጡር ነው» እያሉ ሲሳሳቁ ከረሙና፣ ፀሐይዋ ስትበረታ አጥሚቱን እነሱ ቀድመው ጨረሱት። ሌላ ተሠራ።

እኔ ጊዜዬ አልቆ ስመለስ ተማሪዬ ገና አልወለደችም ነበር። በመጨረሻው የትምህርት ቀን «ማሌ» ብላ ሰላምታ ሰጠችኝና የእርግዝና መከታተያ ካርዷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አወጣች። ከዚያ በፊት ካርዱን የምታነብላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነበረች። አሁን ራሷ እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ስሟን፣ የወሩን ቁጥር፣ ቀጥሎም የቀጠሮውን ቀን። «ሐሙስ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ «ይሄ ሐ ነው፣ ሀ አይደለም» ብላ አረመችኝ። እኔ ሰሌዳው ላይ ስጽፍላቸው የከረምሁት በሀሌታው ሀ ነበር።